የወር አበባ ሳይመለስም እርግዝና ሊመጣ ይችላል

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የምታጠባ እናት የወር አበባዋ እስኪመለስ ድረስ አትፀንስም ማለቱ ጎደሎ ነው፤ እዚህ ጎንደርም እናቶች ይህንኑ አምነው ሳያስቡት ሲያረግዙ ስለማይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እንቁላል የሚለቀቀው ደም ከመታየቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ የወለደች ሴት የወር አበባዋን አንድ ጊዜም ሳታይ ልትፀንስ ትችላለች። ጡት ማጥባት ከ98 በመቶ በላይ የሚከላከለው ሕፃኑ 6 ወር ካልሞላው፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ከጠባ፣ የእናቲቱም የወር አበባ ካልተመለሰ ብቻ ሲሆን፣ በአካባቢያችን ግን ለአራስ ልጅ ውኃ፣ ቅቤ ወይም የአብሽ ውኃ የሚያቀምሱ ቤቶች ዛሬም አሉ። የማታጠባዋማ ከወለደች ከ3 ሳምንት በኋላ ጀምሮ ልትፀንስ ትችላለች። እናቶቻችን በ45ኛው ቀን ሕፃኑን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ፣ ለምታጠባ እናት ስለሚስማማው መከላከያም ቢጠይቁ መልካም ነው።