ሪሞት ላይ የማይድን ልቅነት

የተንሸራታች ሞዴል አውሮፕላን ኤለሮን (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብለው የክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ከልክ በላይ ሲንቀሳቀስ፣ ከሰርቮው (ኤለሮኑን ከሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ በሰርቮው ክንድ ላይ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ከማስገባት ይልቅ ሪሞቱ ላይ እንቅስቃሴውን ወደ 40% መቀነስ ምን የሚሉት ስንፍና ነው? ሰርቮው ግማሽ አቅሙን እንኳ ሳይጠቀም ይቀራል፤ የማርሹ ልቅነት ግን ሙሉውን ክንፉ ላይ ይወጣል። የኤለሮኑ ጠርዝ በጣት ሲነካ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ በፍጥነት ሲወርድ ተርገብግቦ ማርሹን ይፈጀዋል።

ሰርቮው ላይ ውስጠኛው ቀዳዳ፣ ኤለሮኑ ላይ ውጭኛው! ከዚያ በፊት ሰብትሪሙ (ሪሞቱ ላይ የሰርቮውን መሃል የሚያንቀሳቅሰው ማስተካከያ) ዜሮ፣ ወደ ሰርቮው የሚሄደው ምልክት 1500 ማይክሮ ሰከንድ፣ ማለትም መሃሉ ላይ ይሁን። ክንዱ ተነቅሎ በሰርቮው ትክክለኛ ጥርስ ላይ ይመለስ፤ የቀረችው ትንሽ ልዩነት የዘንጉን ጫፍ በማዞር ትስተካከላለች።

ፍላፕ (ፍጥነት ለመቀነስ ወደ ታች የሚታጠፈው የክንፉ ክፍል) ግን ሌላ ነው። ለማረፍ ወደ 90 ዲግሪ ስለሚወርድ ክንዱ ከመጀመሪያው አዘንብሎ ይታሰራል። ይህንን ማዘንበልም አንዳንዶች በሰብትሪም ሊያመጡት ይታገላሉ፤ ሰርቮው የእንቅስቃሴው ዳር ደርሶ ሲያቃስት ደግሞ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል።