ከሰሃኑ ሥር ያለው የቻይና ጽሑፍ
ስለ ሸክላ ሰሃኖች በቀረበው በዚህ መጣጥፍ ጸሐፊው «ከሥሩ የቻይና ንጉሠ ነገሥት ስም የተጻፈበት ሰሃን የቻይና ሥራ ነው» ማለታቸው አንባቢን ያሳስታል፤ የጃፓኗ የአሪታ ከተማ ሸክላ ሠሪዎች በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመንና ከዚያም በኋላ የቻይናውን ንጉሠ ነገሥት የቼንግሁዋን (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1465 እስከ 1487) የዘመነ መንግሥት ስም በራሳቸው ዕቃ ላይ ይጽፉ ነበርና። ከሥሩ ጽሑፍ ይልቅ ሰሃኑን ገልብጦ ጥቃቅን ጠባሳዎችን መፈለግ ይሻላል፤ እነዚህ በምድጃው ውስጥ የሰሃኑ መሐል እንዳይሰረጉድ የደገፉት የሸክላ እሾሆች ሲነቀሉ የቀሩ ምልክቶች ሲሆኑ፣ በቻይና ሰሃኖች ላይ እምብዛም አይገኙም። እኔ ዘንድ ባለው ሰማያዊና ነጭ ሰሃን ላይ በጥፍር ሲነኩ ይሻክራሉ። ከእኔ በፊት፣ በሰሃኖቹ ላይ ስለሚሣሉት ዕፅዋት «ጥዱ፣ ቀርከሃውና የፕለሙ አበባ ጌጥ ብቻ ናቸው» ላሉት አስተያየት ሰጪ ደግሞ፣ ጥዱ በበረዶው ወራት (የእኛን ክረምት ማለቴ አይደለም) ልምላሜውን አይለቅም፣ ቀርከሃው ጎንበስ ይላል እንጂ አይሰበርም፣ ፕለሙም ብርዱ ሳይወጣ ያብባል፤ ሦስቱ አንድ ላይ የሚሣሉት ለባለቤቱ ጽናትንና መልካም ዕድልን ለመመኘት ነው። ይህም ሥዕል ቢሆን መነሻው ቻይና ስለሆነ፣ የዕቃውን አገር በእርሱ መለየት አይቻልም። የአሪታ ዕቃ የሚጠራበት «ኢማሪ» የሚለው ስምም ዕቃው በመርከብ የተጫነበት ወደብ ስም እንጂ የተሠራበት ቦታ ስም አይደለም።