የትንኟ ነገር ያለው ውሃ ከፋቹ እጅ ላይ ነው

አዲስ የተተከለ የሩዝ ማሳ ዳር ቁጢጥ ብላችሁ በነጭ ጭልፋ ውሃ ቅዱ። ረጋ ሲል ክር የሚያህሉ ነገሮች ከላይ ተጋድመው ታያላችሁ። የወባ ትንኝ እጮች ናቸው። ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው የተንጠለጠሉ ካሉ እነሱ ኩሌክስ የተባለው ሌላ የትንኝ ዘር እጮች ናቸው፤ እስያ ውስጥ የጃፓን ኢንሰፍላይተስ የተባለውን የአንጎል በሽታ የሚያዛምቱት ከዚሁ ወገን ናቸው።

የአፍሪካ ዋነኛዋ የወባ ትንኝ ፀሐይ የሚመታው፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ትወዳለች። ችግኙ አጭር ሳለ ማሳው ለሷ ሠርግና ምላሽ ነው። ቅጠሉ ገጥሞ ውሃውን ሲያጠላባት ቁጥሯ ይቀንሳል። እኛ ግን የምንነቃው አድጋ በርራ ቤት ስትገባ ነው። አጎበር ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ስንቱን አትርፏል። ግን አጎበር የሚያከፋፍለው ጤና ቢሮ ነው፣ ውሃውን የሚለቀው ሌላ። ሁለቱ አይነጋገሩም።

ቀድሞ «ሩዝ ትንኝ ያበዛል እንጂ ወባ አያበዛም» ይባል ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ የአፍሪካ ጥናቶች ግምገማ ግን ከ2003 ወዲህ፣ ወባ በጥቅሉ እየቀነሰ ሲሄድ፣ ሩዝ አምራች መንደሮች ከሌሎቹ የበለጠ ወባ እንዳለባቸው አሳይቷል።

ውሃን እያፈራረቁ ማጠጣትና ማድረቅ የሚባል ዘዴ አለ። የውሃውን ልክ ለማየት የተበሳሳ ቱቦ ማሳው ውስጥ ይቀበራል፤ ውሃው ከአፈሩ በታች 15 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ እንደገና ይለቀቃል። እስከ 30 በመቶ ውሃ ይቆጥባል፣ ሚቴን የተባለውን ምድርን የሚያሞቅ ጋዝም ይቀንሳል። ለትንኝ ግን ብቻውን መድኃኒት አይደለም። መሬቱ ካልተስተካከለ የሠራተኛው የእግር ዱካ ሳይቀር ውሃ ይዞ ይቀራል፣ እጩም እዚያው ያድጋል። ደግሞ ገበሬው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አረም እንዳይበዛበት ማሳው ላይ ውሃ አቁሮ ማቆየት ይፈልጋል። ትንኟም የምትፈልገው እነዚያኑ ሳምንታት ነው! እኔ ገበሬውን አልፈርድበትም።

ለነዚያ ሳምንታት ቢቲአይ የተባለው ባክቴሪያ አለ፤ ማሳው ላይ ሲረጭ እጩን ይገድላል፣ ዓሣውን አይነካም። ዝም ብሎ የተባይ ኬሚካል መርጨት ግን ጉዱን ያባብሰዋል። እጭ የሚበሉትን የውሃ ጥንዚዛዎች ይጨርሳል። ኬሚካሉ ፓይረትሮይድ ከሆነ ደግሞ፣ አጎበር የሚነከርበትም ከዚሁ ዘር ስለሆነ፣ ትንኟ ማሳ ላይ ተለማምዳ ቤት ትመጣለች።

የመስኖ ፕሮጀክት ለቦይና ለፓምፕ በጀት ይይዛል። መሬት ማስተካከያውና ቢቲአዩም እዚያው በጀት ውስጥ ይግቡ፤ ትንኟን ያመጣው ያው ውሃ ነውና።