ኢትዮጵያን በኬሎግ ላይ ምስክር አታድርጓት

ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5 ቀን 2025 ባወጡት ትእዛዝ የአገራቸው የመከላከያ መሥሪያ ቤት «የጦርነት መሥሪያ ቤት» በሚለው የድሮ ስሙ እንዲጠራ ፈቀዱ። ውሳኔውን የሚጠብቀው ጠብቆታል። እኔን ያበሳጨኝ ከእኛው ወገን የተሰማው ጭብጨባ ነው። ዓለም በጉልበት ብቻ የምትገዛ መሆኗ አሁን በግልጽ ተነገረ፤ ጦርነትን በውል እከለክላለሁ ያለው ኬሎግ የሚባል አሜሪካዊ ሕልመኛ ነበር፤ የውሉን ከንቱነት ደግሞ በ1928 ዓ.ም. የተወረረችው ኢትዮጵያ ከማንም በላይ ትመሰክራለች የሚል አስተያየት በአማርኛ የውይይት መድረኮች እየተደጋገመ ነው። ይህ አስተያየት ሰውየውንም፣ ውሉንም፣ የገዛ ታሪካችንንም አያውቅም።

«ሕልመኛ» ከሚለው ልጀምር፤ ከክርክሩ ሁሉ ደካማው እርሱ ነውና። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ፍራንክ ኬሎግ በ1856 በኒው ዮርክ ግዛት ተወልደው በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ሚኒሶታ የሄዱ የገበሬ ልጅ ናቸው። የመደበኛ ትምህርታቸውን በዐሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ አቋርጠው እርሻ ላይ ዋሉ። ሕግን የተማሩት ዩኒቨርሲቲ ገብተው አይደለም፤ በሮቼስተር ከተማ በጠበቃ ቢሮ ውስጥ መጽሐፍ እያገላበጡ ነው። በ1877 የጥብቅና ፈቃድ አገኙ፣ የከተማው ነገረ ፈጅ፣ ቀጥሎም የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። በ1887 ወደ ሴንት ፖል ተሻግረው ለብረት ማዕድንና ለባቡር ኩባንያዎች እየቆሙ ሀብት አካበቱ። ይህ የሕልመኛ የሕይወት ታሪክ ነው? ሰውየው ገንዘብ ምን ያህል ክንድ እንዳለው ከውስጥ ሆነው ያዩ ናቸው።

ከዚያም ፊታቸውን አዞሩ። የቴዎዶር ሩዝቬልት መንግሥት ልዩ ዐቃቤ ሕግ አድርጎ ሲቀጥራቸው በቅድሚያ የወረቀት ነጋዴዎችን ማኅበር አፈረሱ፤ ቀጥሎ በ1906 በተከፈተው ክስ የሮክፌለርን ስታንዳርድ ኦይል ገጠሙ። በ1911 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያ ግዙፍ የነዳጅ ድርጅት እንዲፈርስ ወሰነ፤ ከእርሱም 34 ኩባንያዎች ወጡ። ክሱ የተመሠረተበት፣ ንግድን ጠቅልሎ መያዝን የሚከለክለው የሸርማን ሕግ ግን የታወጀው በ1890 ነበር። ከአዋጁ እስከ ፍርዱ 21 ዓመት አለፈ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ባለሀብቶቹ ሕጉን ንቀውታል፣ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ1895 በስኳር አምራቾቹ ጉዳይ ጥርሱን አውልቆታል፣ የሞተ ሕግ ነው ያሉትም ብዙ ነበሩ። ሕጉ ሞቶ አልነበረም፤ ይዞት የሚቆም ሰው አጥቶ ነበር። ኬሎግ ይህን ከመጽሐፍ አላነበቡትም፤ በገዛ እጃቸው ሠሩት። እንዲህ ያለ ሰው ከዓመታት በኋላ ማስገደጃ የሌለው ውል ሲፈርም ሞኝነት ነው ብሎ መፍረድ፣ ሰውየው ከማንም በተሻለ የሚያውቁትን ነገር ለእርሳቸው ለማስተማር መሞከር ነው።

ስለ ሴናተርነታቸው ብዙ የሚባል የለም። ከ1917 እስከ 1923 ሚኒሶታን ወክለው በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተቀመጡ፤ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉዳይ በቀረበ ጊዜም ቀላል ማሻሻያ ተደርጎበት አሜሪካ ትግባ ካሉት ሪፐብሊካኖች ጋር ቆሙ። በ1922 በሄንሪክ ሺፕስተድ ተሸነፉ። ፕሬዚዳንት ኩሊጅ በ1924 አምባሳደር አድርገው ለንደን ላኳቸው፤ በዓመቱ ጠርተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረጓቸው።

በዚያ ሥልጣን ላይ ሳሉ ያደረጉት ሁሉ አይወደስም። በ1927 የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር በኒካራጓ ምድር ነበር፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ በሜክሲኮ ላይ ያቀረቡት የቦልሼቪክ ውንጀላም አሳፋሪ ነበር። ይህን አምናለሁ፣ አልፈዋለሁም፤ የተያዘው ክርክር ስለ ውሉ ነው።

ውሉን እንኳ የጀመሩት እርሳቸው አይደሉም። የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አሪስቲድ ብሪያን አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የገባችበትን ዐሥረኛ ዓመት አስታከው፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1927፣ ሁለቱ አገሮች እርስ በርስ ላለመዋጋት ይፈራረሙ የሚል ጥሪ አቀረቡ። ኬሎግ ጠበቃ ናቸውና ወጥመዱን አዩት፦ አሜሪካ ከፈረንሳይ ጋር ብቻ እንዲህ ያለ ውል ብትፈርም፣ ፈረንሳይ ከሌላ ጋር በተዋጋች ጊዜ የአሜሪካ እጅ ይታሰራል። ለወራት ዝም አሉ። ዲሴምበር 28 ቀን ግን ውሉ ይሁን፣ ነገር ግን የዓለም መንግሥታት ሁሉ ይግቡበት ብለው መለሱ፤ ብሪያን ለአንድ ወዳጅ ያዘጋጁት ውል የዓለም ሕግ ሆነ። ኦገስት 27 ቀን 1928 በፓሪስ 15 መንግሥታት ፈረሙ (የፓሪስ ውል የሚባለውም ይኸው ነው)፤ ጣልያን አንዷ ነበረች። የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በጃንዋሪ 1929 በ85 ድምፅ በአንድ ተቃውሞ አጸደቀው። በጁላይ 24 ቀን 1929 በሥራ ላይ ሲውል ኢትዮጵያ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ከገቡት አገሮች መካከል ነበረች።

ፍሬ ነገሩ በሁለት አንቀጽ ያልቃል፦ ጦርነትን የብሔራዊ ፖሊሲ መሣሪያ ማድረግን እንተዋለን፣ ጠባችንን በሰላማዊ መንገድ ብቻ እንጨርሳለን። አስገዳጅ ፖሊስ የለበትም፤ ተቺዎቹ እየደጋገሙ የሚስቁትም በዚህ ነው። ሳቁ ግን ከ1928 በፊት ሕጉ ምን ይል እንደነበር ለማንሳት አይደፍርም።

ከ1928 በፊት በነበረው የአውሮፓውያን ሕግ ጦርነት ወንጀል አልነበረም። አንድ መንግሥት ለሌላው የመክሰሻ ምክንያት አለኝ ብሎ ጦር ሲያዘምት የሕግ መብቱን መጠቀሙ ነበር። በጦር የያዘው መሬት ርስቱ ይሆናል፤ በአፈሙዝ አስገድዶ ያስፈረመው ውል የጸና ውል ነው። ሌሎች መንግሥታትም ወራሪውንና ተወራሪውን በእኩል ዓይን የማየት ግዴታ ነበረባቸው፤ ገለልተኛ ነኝ እያለ ተወራሪውን ለይቶ የረዳ ሕግ አፍራሽ ይባል ነበር። ጣልያን በ1885 ምጽዋን ስትይዝ፣ በ1890ም ኤርትራ የሚባል ቅኝ ግዛት ስታውጅ፣ የትኛው የአውሮፓ መንግሥት ወንጀል ተፈጸመ አለ? የጠየቀ የለም፤ ምክንያቱም የሚጠየቅበት ሕግ አልነበረም። አድዋ ላይ ጣልያንን ያቆማት የአባቶቻችን ክንድ ብቻ ነው። ያ ክንድ ባይበረታ ኖሮ የምኒልክ አገር በዘመኑ ሕግ ፊት የጣልያን ሕጋዊ ንብረት ሆና ትቀር ነበር፤ ከሐምሳ ዓመት በኋላ ተነሥቶ ይመለስልኝ የሚልበት አንቀጽም አይኖርም ነበር።

ከውሉ በኋላ ግን ያው ወራሪ ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ዓለም ጠበቀው። ሙሶሊኒ ጦሩን ከማዝመቱ በፊት፣ በሴፕቴምበር 1935 መጀመሪያ፣ መንግሥቱ በኢትዮጵያ ላይ የክስ ክምር የያዘ ማስታወሻ ጄኔቫ ለነበረው የዓለም መንግሥታት ማኅበር አቀረበ። ሕጉ ከንቱ ከነበረ ለምን ደከመ? ያ ማስታወሻ የሌባ ማስተባበያ ነው፤ ሌባም የሚያስተባብለው ስርቆት የሚያስጠይቅበት አገር ላይ ብቻ ነው።

አዎን፣ በ1928 ዓ.ም. ውሉ አላዳነንም። ግን ማን እንዳከሸፈው እንነጋገር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጁላይ 1935 መጀመሪያ፣ ወረራው ከመጀመሩ ሦስት ወር ቀድመው፣ አዲስ አበባ የነበረውን የአሜሪካ ጉዳይ ፈጻሚ አስጠርተው አሜሪካ ጣልያን የገባችውን የፓሪስ ውል እንድታከብር መንገድ ትፈልግ ዘንድ በጽሑፍ ጠየቁ። ንጉሠ ነገሥቱ ውሉን የያዙት እንደ ዋጋ ያለው የሕግ ሰነድ ነበር፤ ዛሬ በስማቸው ውሉን የሚያንቋሽሹት ይህን ልብ ይበሉ። የፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት የሰጠው መልስ ሁለቱ ወገኖች ከሰላማዊ መንገድ ይወጣሉ ብሎ ለማመን እንደሚቸግረው የሚገልጽ ነበር። ኦክቶበር 3 ቀን፣ ማለትም መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ። ፕሬዚዳንቱም በነሐሴው የገለልተኝነት ሕግ መሠረት የጦር መሣሪያ ሽያጭን በሁለቱም ላይ ከለከሉ። መሣሪያ የሚሠራውንና መሣሪያ ለምኖ የሚገዛውን በአንድ ዓይን ማየት የኬሎግ ውል ሐሳብ አልነበረም፤ ኬሎግ ሊቀብሩት የተነሡት የአሮጌው ሕግ ሐሳብ ነበር። ኢትዮጵያን የጎዳት ውሉ አይደለም፤ የውሉ ወላጅ አገር ወደ አሮጌው ሕግ መሸሿ ነው። ይኸው መንግሥት በ1941 ጀርመንን ለይቶ እንግሊዝን በመሣሪያ ሊረዳ ሲፈልግ ዐቃቤ ሕጉ ሮበርት ጃክሰን የተከራከሩት በዚሁ በፓሪስ ውል ነው። ለእንግሊዝ ሲሆን የሠራ ውል ለኢትዮጵያ ሲሆን አልሠራም ማለት የውሉ ጥፋት ነው?

ቢሆንም ለእኛም የሠራበት ቦታ አለ፤ ተቺዎቻችን የማያነሡትም ይህንን ነው። የኬሎግ ተተኪ ሄንሪ ስቲምሰን በጃንዋሪ 1932፣ ጃፓን ማንቹሪያን በያዘች ጊዜ፣ ከፓሪስ ውል ውጭ በኃይል የተፈጠረን ማናቸውም ሁኔታ አሜሪካ እንደማትቀበል አስታወቁ። በዚህ መርሕ መሠረት አሜሪካ የጣልያንን «ንጉሠ ነገሥትነት» በኢትዮጵያ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተቀበለችም። እንግሊዝ በ1938 ተቀበለች። ውጤቱን አስተያዩት፦ እንግሊዝ በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞቻችን ጋር ጣልያንን ስታስወጣ አገሪቱን «የተያዘ የጠላት ግዛት» ብላ አስተዳደር ልትዘረጋባት ተነሣች። የእኛ አገር እንዴት የጠላት ግዛት ሆነች? ወረራውን ርስት ብሎ የተቀበለ ሌላ መደምደሚያ አይኖረውም። ያልተቀበለ ግን ኢትዮጵያ አንድም ቀን ሕጋዊ ህልውናዋን አላጣችም ይላል፤ የጃንሆይም ክርክር ይኸው ነበር።

ያ ክርክርም አሸነፈ። በ1947 በፓሪስ ከጣልያን ጋር የተፈረመው የሰላም ውል በአንቀጽ 38 ላይ ጣልያን ለኢትዮጵያ የምትጠየቅበት ዘመን ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 እንዲጀምር ደነገገ። ይህች አንድ ዐረፍተ ነገር በእኛ ትምህርት ቤቶች በቃል ልትጠና የሚገባት ናት። ጣልያን በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ያወጀችው በ1940 ነው፤ ሕጉ ግን ወንጀሉን አምስት ዓመት ወደ ኋላ ተሻግሮ መረብ ላይ ያዘው። 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳም ተፈረደ። አንቀጽ 37 ደግሞ ከዚያች ቀን ወዲህ የተወሰደ ቅርስና ሰነድ በዐሥራ ስምንት ወር ውስጥ ይመለስ አለ። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ2005 ነው፤ ሮም ከሐምሳ ዓመት በላይ አዘገየችው፣ ነገር ግን ሐውልቱ የእኔ ነው የሚል ሕግ ጠቅሳ ልታስቀረው አልቻለችም። ከ1928 በፊት በነበረው ሕግ ቢሆን ምርኮ ነው ብላ ትዘጋው ነበር። ሙሶሊኒ ጉልበት ነበረው፤ ጉልበቱ ሐውልቱን ሮም አቆመው እንጂ የጣልያን አላደረገውም።

ሸርማን ሕግ ላይ የተናገርኩት እዚህ ላይ ይደገማል። ከ1928 እስከ 1946 ዐሥራ ስምንት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የኑረምበርግ ችሎት የናዚ መሪዎችን በወረራ ጦርነት ወንጀል ሲፈርድ ዋና የሕግ መሠረቱ የኬሎግ ውል ነበር፤ የአሜሪካው ከሳሽም ያው ሮበርት ጃክሰን ነበሩ። በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2 ንኡስ አንቀጽ 4 ላይ የተጻፈው ክልከላም የዚያ ውል ልጅ ነው። ባዶልዮና ግራዚያኒ ኢትዮጵያ ላይ ለፈጸሙት የመርዝ ጋዝና የጭፍጨፋ ወንጀል እንዲህ ባለ ችሎት አለመቅረባቸው የሚያንገበግብ ነው፤ ያስጣላቸው ግን የሕግ እጦት አይደለም፣ የአሸናፊዎቹ መንግሥታት ፈቃድ ማጣት ነው።

ኬሎግ ለዚህ ሥራቸው የ1929ን የሰላም ኖቤል ተሸልመዋል፣ ከ1930 እስከ 1935ም በሄግ የዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው አገልግለዋል፤ በዲሴምበር 1937 ሲሞቱ አዲስ አበባ በጣልያን እጅ ነበረች። ውሉ ሞቷል ያሉት የዚያን ጊዜም ነበሩ። የዛሬዎቹ ተንታኞቻችን ከእነዚያ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፦ እነዚያ አንቀጽ 38ን የማየት ዕድል አልነበራቸውም። እነዚህ አላቸው፤ ሰነዱ ታትሞ ለማንም ክፍት ነው። ከዋሽንግተን የሚመጣውን የጉልበት ስብከት ማስተጋባት የፈለገ በራሱ ስም ያስተጋባ፤ ከጥቂት መሣሪያዎቿ አንዱ ይህ ሕግ የነበረውን፣ ዛሬም የሆነውን አገር ግን በዚያ ሕግ ላይ ምስክር አድርጎ የመጥራት ሥልጣን የሰጠው የለም።