አቼቶው ይቅደም ወይስ ካርትሬጁ?

የማህፀን በር ካንሰርን ለነርስ ተማሪዎች ስናስተምር አብዛኛው የልምምድ ሰዓት ለየትኛው ይዋል? አሴቲክ አሲድ (አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ) ተቀብቶ በዓይን ለሚታየው ምርመራ፣ ማለትም ለቪአይኤ፣ ወይስ ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ ዘረመል በማሽን ለሚፈልገው የኤችፒቪ ዲኤንኤ ምርመራ? ሁለት የነርሲንግ መምህራን በጉዳዩ ላይ ተከራክረዋል።

ለቪአይኤ፦ የምንስማማበትን ቶሎ ላስቀምጥና ልለፍ። የዚህ ካንሰር መነሻ ከሰውነት ሳይወጣ ለዓመታት የቆየ የኤችፒቪ ቫይረስ ነው። ከአስር ታማሚዎች በሰባቱ ገደማ የቫይረሱ ዓይነት 16 እና 18 አሉበት። ኤችአይቪ፣ ሲጋራ፣ ብዙ መውለድ፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብልን ከ5 ዓመት በላይ መውሰድ፣ እነዚህ ሁሉ ቫይረሱን ያግዙታል እንጂ እሱ ከሌለ ካንሰሩን አያመጡም። ተማሪ ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ ይይዘዋል። እጅና ዓይን ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ አይሰለጥኑም።

ቪአይኤ ስፔኩለም (የማህፀን በር እንዲታይ ብልትን የሚከፍት መሣሪያ)፣ ጥሩ መብራት፣ ጥጥና ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ካገኘ ይበቃዋል። ሴትየዋ ከአልጋው ሳትወርድ ውጤቷን ታውቃለች፣ ከተቻለም በዚያው ቀን ትታከማለች። ግማሽ ቀን በእግሯ የመጣችን ሴት «ውጤቱ ሲደርስ ተመለሺ» ብሎ መሸኘት ምን ማለት እንደሆነ ጤና ጣቢያ የሠራ ያውቀዋል። በህንድ ታሚል ናዱ፣ ዲንዲጉል ላይ የሰለጠኑ ነርሶች ባካሄዱት አንድ ዙር ቪአይኤ በካንሰሩ የሚከሰተው ሞት በ35 በመቶ ቀንሷል።

ለኤችፒቪ፦ ሲስተር፣ ዲንዲጉልን ካነሱ ኦስማናባድንም ያንሱ እንጂ! እዚያው ህንድ ውስጥ ከ130 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የኤችፒቪ ምርመራ በቀረበለት ቡድን ሞት በግማሽ ገደማ ወረደ። የቪአይኤው ቡድን ግን ምርመራ ካልቀረበለት ቡድን አስተማማኝ ልዩነት አላሳየም። ያው ቪአይኤ አንድ ቦታ ሠርቶ ሌላ ቦታ የከሸፈው መሣሪያው የሰው ዓይን ስለሆነ ነው፤ ዓይን ደግሞ ከሰው ሰው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይለያያል።

የማህፀን በር ብግነትም አሲድ ሲነካው ይነጣል። ሴትየዋ 50ን ስታልፍ ደግሞ ለውጡ የሚጀምርበት ክፍል ወደ ውስጠኛው ቦይ ስለሚገባ ጭራሽ አይታይም። ያላየውን «ኔጌቲቭ» ብሎ የሚመዘግብ ተማሪ አደጋው አይታየውም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ቀዳሚው ምርመራ የኤችፒቪ ዲኤንኤ እንዲሆን መክሯል።

ለቪአይኤ፦ ወንድሜ፣ የጠቀሱት የማስተማር ጉድለት ነው፤ መፍትሔውም ሰዓቱን መቀነስ አይደለም። በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። አሲዱ ከመነካቱ በፊት በሩ እንዳለ ይታያል፤ ሲነካ የሚደማ እብጠት ወይም ቁስል ካለ ቪአይኤው እዚያው ይቆማል፣ በቀጥታ ሪፈር ነው። ንፍጡ በጥጥ ቀስ ተብሎ ይጠረጋል። የሚፈትግ ተማሪ ያደማል፣ ደሙም የሚፈለገውን ይሸፍናል። ቀጥሎ በደንብ የራሰ ጥጥ በሩ ላይ ይደረግና 1 ሙሉ ደቂቃ በሰዓት ይቆጠራል። ብዙዎች የሚወድቁት በዚህች ደቂቃ ነው፤ 20ኛው ሰከንድ ላይ አይተው ይፈርዳሉ። ፖዘቲቭ የሚባለው ደማቅ፣ ጠርዙ የለየ፣ ሁለቱ የህዋስ ዓይነቶች የሚገናኙበትን መስመር የነካ ነጭ ነው። ፈዘዝ ብሎ እዚህም እዚያም የተበተነ፣ ከመስመሩ የራቀ ነጭ አይቆጠርም።

ድብልቁስ? 5 ሚሊ ሊትር ግላሲያል አሴቲክ አሲድ በ95 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ላይ ይጨመራል፣ ጠርሙሱ ላይ ቀኑ ይጻፋል። ያልተበረዘው ገላ ያቃጥላል፤ ከልክ በላይ የቀጠነው ደግሞ የታመመችውን ጤነኛ አስመስሎ ያሳልፋል።

ለኤችፒቪ፦ አነጋገርዎ ያምራል፤ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ በቀን ስንት ሴት ላይ ይጸናል? በኤችፒቪው ሴትየዋ ናሙናውን ከመጋረጃ ጀርባ ራሷ ትወስዳለች፤ ስፔኩለም አያስፈልግም። ለቲቢ ምርመራ የገባው ጂን ኤክስፐርት የተባለው ማሽን ከናሙናው 1 ሚሊ ሊትር ካርትሬጅ በሚባለው ትንሽ የምርመራ ዕቃው ውስጥ ተጨምሮለት በአንድ ሰዓት ገደማ ውጤት ይሰጣል፣ 16ንም ለይቶ ይነግራል። ኤችአይቪ ያለባት ሴት ለዚህ ካንሰር ያላት ተጋላጭነት 6 እጥፍ ነው። በሽታውም በሌሎች ከ15 እስከ 20 ዓመት የሚወስደውን መንገድ ኤችአይቪው ካልታከመ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይጨርሰዋል። ስለዚህ እሷ በ25 ዓመቷ ጀምራ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ፣ ሌላዋ በ30 ጀምራ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ ትመረመራለች።

ተማሪው ሰዓቱን ማጥፋት ያለበት ምክሩ ላይ ነው። ፖዘቲቭ የተባለች ሴት መጀመሪያ የምትጠይቀው «ባሌ ነው ያመጣብኝ?» ብላ ነው። ቫይረሱ ከብዙ ዓመት በፊት ገብቶ ሊሆን እንደሚችል፣ ካንሰር ነው ማለትም እንዳልሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ያልቻለ ነርስ ትዳር ያፈርሳል። ኤችአይቪ የሌለባትን የ22 ዓመት ልጅ የሚመረምርም ተሳስቷል፤ በዚያ ዕድሜ አብዛኛው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል።

ሌላም አለ። ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2018 እ.ኤ.አ. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ጀምራለች። እነሱ 30 የሚሞላቸው በ2034 ነው። በተከተቡ ሴቶች ላይ እውነተኛው ቁስል ሲያንስ ቪአይኤ የሚያሳየው ነጭ አብዛኛው ሐሰተኛ ይሆናል። የዛሬ ተማሪያችን ያኔ ሥራ ላይ ነው።

ለቪአይኤ፦ እስከ 2034 ያሉትን ሴቶችስ ማን ይመርምር? ባለአራት ሞጁሉ ማሽን በሰዓት የሚያስተናግደው አራት ናሙና ነው፤ የቲቢውም ወረፋ እሱ ላይ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ይቆማል። ዋናውን ግን ዘለውታል። ኤችፒቪዋ ፖዘቲቭ የሆነችው ከዚያ ወዴት ትሄዳለች? ወደዚያው አልጋ! ህክምናው ክራዮቴራፒ (ቁስሉን በማቀዝቀዝ ማጥፋት) ይሁን ቴርማል አብሌሽን (በሙቀት ማቃጠል)፣ ቁስሉ ወደ ቦዩ መግባቱን፣ የበሩን ሦስት አራተኛ ማለፉን፣ ካንሰር መምሰሉን የሚለየው ያው አቼቶና ያው ዓይን ነው። ሳያዩ ማቃጠል ካንሰርን ከላይ ሸፍኖ መላክ ነው።

ለኤችፒቪ፦ ይህቺን እቀበላለሁ። ግን ያ ዓይን መቶ ጤነኛ ከሚያይ፣ ቫይረሱ ያለባቸውን ጥቂቶች ቢያይ ቶሎ አይሰለጥንም? ልምምዱን አልሰርዝም፣ ቦታውን አዛውራለሁ፦ መጀመሪያ ምክርና ናሙና፣ ቀጥሎ ፖዘቲቮቹን ማየት፣ ከዚያ ህክምናው። ክራዮው 3 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ 5 ደቂቃ በረዶው እንዲቀልጥ መተው፣ እንደገና 3 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ነው፤ ቴርማሉ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል።

ለቪአይኤ፦ ካርትሬጅ ያለበት ጤና ጣቢያ ላይ ይሁንልዎ። በሌለበት ግን ተማሪዬ በስፔኩለም ይጀምራል፤ ስፈትነውም መስመሩ የማይታይ በር አቀርብለታለሁ። «ኔጌቲቭ» ካለ ወደቀ፤ «አልታየኝም፣ ሪፈር» ካለ አለፈ።