የቀሩትን ፋይሎች «የእኛን ውሰድ» ብሎ መዝጋት ይቅር

ዓርብ አመሻሽ ላይ ነው። የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው መሣሪያ፣ በጊት፣ ሦስት ሳምንት ለብቻው የቆየ ብራንች (ተለይቶ የሚሠራበት የኮዱ ቅጂ) ወደ ዋናው መርጅ ሲደረግ፣ ማለትም ሲዋሃድ፣ 43 ፋይሎች ላይ ኮንፍሊክት አወጣ፤ ሁለቱም ወገን አንዱን ቦታ በየፊናው ለውጠውት ነበር። ሥራውን የያዘው ልጅ የመጀመሪያዎቹን ስድስት አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ድካሙም ሰዓቱም ተጫኑትና የቀሩትን «የእኛን ውሰድ» ብሎ በአንድ ትእዛዝ ዘጋቸው። ቴስቱ (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው ኮድ) ሁሉ አለፈ፤ እኔም አይቼ አጸደቅሁ።

ሰኞ ጠዋት የወጡት ደረሰኞች ላይ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የለም። ስሌቱን የጻፈችው ባልደረባችን ቴስትም ጽፋለት ነበር። ግን የቴስቱ ፋይል ራሱ ከ43ቱ አንዱ ስለነበር ማስረጃው ከሥራዋ ጋር አብሮ ጠፋ።

ብዙዎች ይህ ትእዛዝ የተጋጩትን መስመሮች ብቻ የሚመርጥ ይመስላቸዋል። አይደለም። «ጊት ቼክአውት» ከ«ኦርስ» («የእኛ») ጋር ሲታዘዝ ፋይሉን እንዳለ ከአንድ ወገን ይወስዳል፤ ያለ ግጭት ተዋህዶ የነበረው የሌላው ሰው መስመርም አብሮ ይሄዳል። ሪቤዝ ላይ፣ ማለትም ሥራችንን በሌላ ብራንች ጫፍ ላይ እንደገና ስንደርብ፣ ደግሞ ስሙ ይገለበጣል፦ «ኦርስ» ሥራችንን የምንደርብበት ብራንች ይሆናል፣ «ዜርስ» («የእነሱ») የራሳችን ሥራ። ይህን ሳያውቅ የሳምንት ልፋቱን በገዛ እጁ የጣለ ሰው አውቃለሁ።

ሌላው ችግር፣ ጊት ካልነገርነው በቀር የሚያሳየን ሁለቱን ወገን ብቻ መሆኑ ነው። በደረሰኙ ስሌት ላይ አንዱ ሂሳቡን ያጠጋጋል፣ ሌላው ታክስ ይጨምራል። ይህን ብቻ ያየ ሰው አንዱን መርጦ ያልፋል። የኮንፍሊክት ስታይሉን፣ ማለትም ጊት ግጭቱን የሚያሳይበትን መንገድ፣ «ዲፍ3»፣ ወይም ከጊት 2.35 ወዲህ «ዚዲፍ3» ብናደርገው፣ ከመለያየታቸው በፊት የነበረው መስመር መሃል ላይ ይመጣል፦ ዋጋ ሲባዛ በብዛት፣ ሌላ ምንም የለም። ያኔ ሁለቱም የየራሳቸውን እንደጨመሩ፣ ሁለቱም እንደሚያስፈልጉ በግልጽ ይታያል። ታክሱ ይቅደም ወይስ ማጠጋጋቱ የሚለውን ግን ጊት አያውቅም፤ የጻፈችው ታውቃለች። ደውሉላት።

በማሽን የሚወጡ ፋይሎች፣ ለምሳሌ የፓኬጅ ሎክ ፋይል (ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸውን ፓኬጆች ቨርዥን የሚመዘግበው)፣ በእጅ አይታረሙም፤ እንደገና ማስወጣት ይበቃል። ጊዜው መዋል ያለበት ሰው በጻፈው ኮድ ላይ ነው። «ሰዓት ይፈጃል» ለሚሉኝ አለቆች መልሴ አንድ ነው፦ ያን ሰኞ የተሳሳቱትን ደረሰኞች ስንሰርዝና ለየደንበኛው ስንደውል ዋልን።

አሁን በቡድናችን ብራንች ከዋናው ሳይታደስ ሁለት ቀን አያድርም። ኮንፍሊክቱ ከአሥር ፋይል ካለፈም የሁለቱም ወገን ጸሐፊዎች አንድ ስክሪን ፊት ይቀመጣሉ። ባለፈው እንዲህ ስንቀመጥ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን።