ጣታቸውን በነጠላ ሸፈኑ

የጎንደር ልጆች፣ ፒያሳም አዘዞም ያላችሁ፣ ዛሬ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ነገሩን ብዙ ጊዜ በሆዴ ይዤው ኖርሁ፤ አልወጣ አለኝ።

ቀኑ ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው፣ የስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ዕለት። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ አምስት ሆነን አንዲት ጀበና ቡና ደጃፍ ተቀምጠናል። ሁላችንም የተማርን ነን። አቦሉን ጠጥተን ቶናውን እየጠበቅን ሳለ አንዲት የሰፈራችን እማሆይ በምርኩዝ እያዘገሙ መጡ። ካፊያው ቆባቸውን አርሶታል። ለካ ከማለዳ ጀምረው ተሰልፈው ነው የዋሉት። ከፊታችን ካለች ድንጋይ ላይ አረፍ አሉና ጉልበታቸውን ያሻሹ ጀመር። ጣታቸው ላይ የምርጫው ቀለም ይታያል።

«እማሆይ፣ ማንን አንግሠው መጡ?» አላቸው ከእኛ አንዱ።

«የልቤን መርጬ መጣሁ ልጄ» አሉ። ደስ ብሏቸዋል። ፊደል ስለማያውቁ ምልክቱን አስቀድመው ሲያጠኑ መሰንበታቸውን አጫወቱን። «ሁለት ወረቀት ሰጡኝ፤ አንዱ የፓርላማው፣ አንዱ የክልሉ። እንዳላደባልቅ ስጨነቅ ላብ አጠመቀኝ።»

«በሉ እንግዲህ፣ ነገ ቧንቧዎ ውሃ በውሃ ሊሆንልዎት ነው!» አለ ሌላው። «እንዲያው ጣትዎን አቆሸሹት።»

ሳቅን። አምስታችንም። ቡና የምትቀዳዋ ልጅ ብቻ አልሳቀችም።

እማሆይ ጣታቸውን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት፣ ነውር እንደተገኘበት ሰው። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና ሄዱ።

ያን ልጅ ከረሳሁት ቆይቻለሁ። ይቅር ማለት ያቃተኝ የራሴን ሳቅ ነው። የመራጭነት ካርዴ እኮ ኪሴ ውስጥ ነበር! ጣቢያው አልተዘጋም፣ መንገዱም በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ቶናው ተቀዳ፣ ጠጣሁ። በረካውም መጣ፣ እሱንም ጠጣሁ። አገር በዚያ ቀን ከእኔ የጠየቀችው አሥር ደቂቃ ነበር፤ ነፈግኋት። ከነፈግኋትም በኋላ፣ ጉልበታቸው እየከዳቸው የሰጧትን ሴት አሳፈርሁ።

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እየተባልን ነው ያደግነው። ወላጆቻችን ይህን ያሉት በከንቱ አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ መረጠ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ደምና እስር ነበር። በ2007 ደግሞ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ጠቅልለው ያዙት። ይህን ያየ ሰው ልቡ ቢሞት አልፈርድበትም። በጥይት ድምፅ ያደረም ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም። እኛ ግን ያን ቀን አልፈራንም። ሰንፈን ነው። ስንፍናችንን ብልህነት ብለን ጠራነው፣ ከዚያም ባልሰነፈው ላይ ሳቅንበት።

ለውሃ ጄሪካን ደርድረን በሌሊት የምንሰለፍ ሰዎች ነን እኮ። ለመታወቂያ፣ ለካርታ፣ ለዘይት ቀኑን ሙሉ እንቆማለን። ወረፋማ ማን እንደ እኛ! ቆመን ስናማርር ግን ማንን እንደምንጠይቅ አናውቅም። ባለፈው ከእድር ስንወጣ «ፓርላማ የወከለን ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ። እኔም አላውቅም ነበር፤ የጠየቅሁትም ስለማላውቅ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ፣ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ጽፏል። ስሙን የማታውቀውን ሰው ምን ብለህ ታነሣዋለህ? ስብሰባ ሲጠራ አንሄድ፤ ሄደንም ከኋላ ተቀምጠን ስልካችንን እንነካካለን። አምስት ዓመት ሙሉ ዝም ብለን፣ በአምስተኛው ዓመት ደግሞ «ምን ለውጥ ሊመጣ ነው» እንላለን። ወገኖቼ፣ እናንተን ስወቅስ ድምፄ ይሰልላል፤ ከእናንተ ጋር ስስቅ ስለነበርሁ።

ይቅርታ ለመጠየቅ አራት ዓመት ገደማ ፈጀብኝ። አንድ ቀን ዳቦ ይዤ እቤታቸው ሄድሁ። ዓይናቸው ደክሟል። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋቸው፤ አንገቴን ደፍቼ። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«አንተም ነበርህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማሆይ።»

ብዙ ቆዩ። ዳቦውን ቆርሰው ግማሹን ሰጡኝ።

«እንግዲህ ለወዲያኛው ምርጫ ምልክቱን ለይቼ አላየው ይሆናል» አሉ። «ካኖረን፣ አንተ ይዘኸኝ ትሄዳለህ። በጊዜ ና፣ ሰልፉ ይረዝማል።»

ይርዘም፣ አልኋቸው።